ነፋስ በዝቶ ኃይል የታጣበት ምሽት

የነፋስ ኃይል ገበያ ላይ መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሥራዬ ተርባይኖቹ ነገ በየሰዓቱ ስንት ሜጋ ዋት እንደሚያመነጩ ትንበያ አይቼ ዛሬውኑ መሸጥ ነው። በብዙ ገበያዎች የነገው ጨረታ ዛሬ እኩለ ቀን ገደማ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ የሸጥኩትን ማቅረብ ግዴታዬ ነው። ከጎደለብኝ ጎደሎውን በዕለቱ ገበያ ገዝቼ እሞላለሁ፤ እሱም ካልደረሰልኝ የግሪዱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መስመሩ መረብ፣ ተቆጣጣሪ ከሌላ አመንጪ ይሞላና ሒሳቡን ለእኔ ይልካል። ሁሉም ሰው ኃይል በሚፈልግበት ሰዓት ያ ሒሳብ ከሸጥኩበት ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ከሰል የሚያነድ ክምሩን ያያል፣ ግድብ ያለው የውኃውን ከፍታ ይለካል። እኔ ያለኝ ስክሪን ላይ የተሰመረ መስመር ብቻ ነው። መስመሩ በትንሹ ሲሳሳት ደግሞ ኃይሉ በብዙ ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ነፋስ የሚሸከመው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ኩብ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ 8 እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 8 ሜትር ብዬ ጠብቄ 7 ሜትር ከነፈሰ ከኃይሉ ሲሶ ያህሉ የለም። ስለዚህ በዚህ ሥራ ያለን ሰዎች ሌሊት የሚያባንነን የነፋስ ማነስ ነው። እኔም የምፈራው እሱን ብቻ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ትንበያው ሲመጣ ደስ ብሎኛል። ለማግሥቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 24 ሜትር ይላል። እያንዳንዳቸው 3 ሜጋ ዋት የሚያወጡ 30 ተርባይኖች ነበሩን። እንዲህ ያለ ተርባይን በሰከንድ ከ3 እስከ 4 ሜትር ላይ መሥራት ይጀምራል፣ 13 ሜትር ገደማ ሲደርስ ሙሉ አቅሙን ይሰጣል፣ 25 ሲያልፍ ራሱን ለማዳን ይቆማል። 24 ከ25 በታች ነው። ምሽት ነው፣ ብርድ ነው፣ ዋጋው ከፍ ብሏል። በመስመር የሚባክነውን ቀንሼ ለአራቱም ሰዓት 86 ሜጋ ዋት አቀረብኩ።

ጨረታው ከመዘጋቱ በፊት የጣቢያው ዋና ቴክኒሽያን ደውለውልኝ ነበር። ከእኛ ቢሮ ጋር እምብዛም አይደዋወሉም፤ ሥራቸው ከብረቱና ከዘይቱ ጋር ነው።

«ልጄ፣ የነገው ነፋስ አላማረኝም» አሉኝ። «ባለፈው እንዲህ ሆኖ ሲመጣ የሸንተረሩ ተራ በሙሉ ነው የቆመብኝ።»

«እሺ ጋሼ፣ ትንበያውን አይቼዋለሁ» አልኳቸው። ስልኩን ስዘጋ ዓይኔ ከዋጋው ላይ አልተነሳም። ሌላ ግማሽ ደቂቃ አልሰጠኋቸውም፤ እስካሁን የሚቆጨኝ ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ ይኸ ነው።

በማግሥቱ ምሽት ከጠረጴዛዬ አልተነሳሁም። መቆጣጠሪያው ላይ እያንዳንዱ ተርባይን አንዲት ትንሽ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ናት። አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው 7 ቁጥር ቢጫ ሆነች። ብልሽት መሰለኝ። 8 ቁጥር ተከተለች፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 9። ጥግ ላይ ያለው ድምር 86 ነበር፤ 71 አለ፣ 58 አለ፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ 31 ላይ ወረደ። ነፋሱ የጠፋ መስሎኝ ወደ ፍጥነቱ ዞር ስል 27 ይላል።

ደወልኩ። ከድምፃቸው በፊት የሰማሁት የነፋሱን ጩኸት ነው።

«ጋሼ፣ መቼ ይነሳሉ? ትንሽ ቀነስ ሲል ይነሳሉ አይደል?»

«ከ25 ዝቅ ስላለ አይነሱም ልጄ። 20 ገደማ ወርዶ እዚያው መቆየት አለበት። አለዚያ ሲነሱ ሲቆሙ አድረው ይሰበራሉ።»

ይኸን አላውቅም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የተርባይን ኃይል ስሸጥ ተርባይኑ ከቆመ በኋላ እንዴት እንደሚነሳ ጠይቄ አላውቅም። መግዛት ጀመርኩ። በዚያው ማዕበል መንገድ ላይ ያሉ ሌሎች የነፋስ ጣቢያዎችም ቆመው ኖሮ ሁላችንም ገዢ ሆነናል፤ ዋጋው በየደቂቃው ይወጣል። ተርባይኖቹ መነሳት የጀመሩት የሸጥኩባቸው ሰዓቶች ሊያልቁ ሲሉ ነው።

በማግሥቱ ትንበያውን ፈታትቼ አየሁት። አንድ ቁጥር ሆኖ የሚደርሰን ትንበያ ሲፈጠር ብዙ ነው። ለምሳሌ የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል መነሻ የሚያደርገውን የአየር ሁኔታ በጥቂቱ እየለዋወጠ ያንኑ ትንበያ ደጋግሞ ያሰላል፤ ይህን በመደበኛነት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ኋላ ላይም ልዩነት ያላቸውን ስሌቶች 50 አድርሷቸዋል። የዚያን ምሽት ስሌቶች አንድ በአንድ ሳያቸው ግማሽ ያህሉ 21 አካባቢ፣ ግማሽ ያህሉ 27 አካባቢ ነበሩ። በመሀል 24 ላይ የቆመ አንድም አልነበረም። እኔ የሸጥኩት ማንም ያልተነበየውን ነፋስ ነው። እያንዳንዱን ስሌት መጀመሪያ ወደ ሜጋ ዋት ቀይሬ ከዚያ አማካዩን ባወጣ ኖሮ ግማሾቹ ሙሉ ኃይል፣ ግማሾቹ ባዶ ስለሚሰጡኝ ወደ 45 ይመጣልኝ ነበር። የፍጥነት አማካይና የኃይል አማካይ ለየብቻ መሆናቸውን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ጠረጴዛዬ ላይ ግን አልተጠቀምኩበትም።

ለአለቃዬ ስልኩንም ጨምሬ ተናገርኩ። ማንም ስለ ስልኩ አልጠየቀኝም፤ ደብቄው ማደር ግን አልቻልኩም። እሱም የቴክሳሱን አነሳልኝ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ያቺን የአሜሪካ ግዛት ከባድ ብርድ ሲመታት፣ አስቀድመው ቁርጥ ያለ መጠን ለማቅረብ ውል የገቡ የነፋስ ጣቢያዎች ተርባይኖቻቸው በበረዶ ተይዘውባቸው፣ ጎደሎውን በሜጋ ዋት ሰዓት እስከ 9,000 ዶላር ለመግዛት ተገድደዋል። «የእኛው አንድ ምሽት ነው» አለኝ፣ «ጣቢያው ድረስ ሄደሽ ተርባይኖቹን እያቸው።»

ሄድኩ። ቴክኒሽያኑ ስለ ስልኩ አንድም ቃል አልወጣቸውም። በመኪና ሸንተረሩን ይዘን ወጣን፤ ከ6 እስከ 12 ያሉት ጫፉ ላይ ናቸው፣ ነፋሱ ዳገቱን ሲወጣ ስለሚፈጥን ቀድመው የሚቆሙት እነሱ ናቸው። ከኮረብታው ጀርባ ያሉት ግን ከሌሎቹ በኋላ ቢቆሙ ነው። እሳቸው በየተራ እየነገሩኝ፣ እኔ ጉልበቴ ላይ ባስቀመጥኩት ወረቀት የሠላሳውንም ቁጥር በሚቆሙበት ቅደም ተከተል ጻፍኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ተመሳሳይ ማዕበል መጣ። ጨረታው ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ሲቀረው እኔው ደወልኩላቸው።

«የነገውን እንዴት አዩት ጋሼ?»

«የሸንተረሩን አትሸጪያቸው» አሉኝ። «የጀርባዎቹን ሽጪ።»

ስሌቶቹን አንድ በአንድ ወደ ሜጋ ዋት ቀይሬ ከወረቀቱ ጋር አስተያየሁና 48 አቀረብኩ። በማግሥቱ ምሽት 7 ቁጥር ቢጫ ስትሆን ስልኬ ጮኸ።

«7 ቆመች» አሉኝ።

«አየኋት ጋሼ» አልኳቸው፤ ስልኩን ሳንዘጋ 8ን ጠበቅናት።