የአባቴ ማርቸዲስ መሪ፦ እስካሁን የደረስኩበት

አሮጌ መኪና በገዛ እጃችሁ ለምትጠግኑ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ያለፉትን ሦስት ወራት ልጽፍላችሁ ነው።

መኪናዋ ማርቸዲስ 240 ዲ ናት፤ ደብሊው 123 የሚባለው ዘር። ፋብሪካው ከ1976 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ ከዚህ ዘር ከ2.6 ሚሊዮን በላይ አምርቷል። አባቴ ለቡና ሥራ ከጅማ አጋሮ ሲመላለስባት ኖሮ ለእኔ ሰጠኝ። ሞተሯ ዛሬም ልክ ነው። መሪዋ ግን ልቅ ነበር። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እንኳ ግራ ቀኝ ካላልኩ መስመሯን አትይዝም። መሪው ላይ ክር አስሬ ስለካው፣ ጎማው ሳይነቃነቅ 6 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይዞራል።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ የመሪ ሳጥኑ (የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው) ላይ ያለውን ማስተካከያ ቡሎን አጠበቀልኝና ሸኘኝ። ሁለት ቀን ደስ አለኝ። ከዚያ ኩርባ ከዞርኩ በኋላ መሪው በራሱ አልመለስ አለ። ምክንያቱ ኋላ ገባኝ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው ቀጥ ብሎ ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ ቀድሞ የሚበላው መሃሉ ነው። የተበላው መሃል እስኪጠብቅ ካሰራችሁት፣ ያልተበላው ግራና ቀኝ ይነክሳል። ቡሎኑን ወደነበረበት መለስኩት። አደራ፣ ሌላው ሁሉ ሳይታይ ሳጥኑን አትንኩ።

መንገዱን ያሳዩኝ ሰፈራችን ያሉ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። «ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ዓይንህን አትመን፤ በእጅህ ዳስሰው» አሉኝ።

እንዳሉት አደረግኩ። አራቱም ጎማ መሬት ላይ፣ ሞተር ጠፍቶ። ታናሽ ወንድሜ መሪውን ትንሽ ትንሽ ግራ ቀኝ ያወዛውዛል፤ እኔ ከታች ተኝቼ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በጣቶቼ ያዝ አደርጋለሁ። ጤነኛ መገጣጠሚያ ሁለቱም ጎኑ አብሮ ይሄዳል። የተበላው አንዱ ጎን ይቀድማል፣ ሌላው ቆይቶ ይከተላል፤ ጣት ላይ ቀጭ ትላለች። ሁለት የታይሮድ ጫፎች (ታይሮድ ጎማውን ገፍቶና ስቦ የሚያዞረው ዘንግ ነው) እንደዚያ አሉ። ከዚያ በቀኝ በኩል፣ ከመሪ ሳጥኑ ትይዩ ያለችውን አጭር ክንድ ያዝኩ። ክንዷ ወደ ጎን መሄድ ሲገባት ላይ ታች ትላለች! ጎሚኒዋ አልቆ ብረት ለብረት ይፋተግ ነበር። ሰው ሁሉ የሚረሳት ይህችን ነው። ዋጋዋም ከመሪ ሳጥን ጋር አይወዳደርም።

መለዋወጫውን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። አሮጌው ቡሎን ዝጎ አልወጣ አለ። ናፍጣ ቀብቼው አደረ፣ ጠዋት በመዶሻ ወጣ። አዲሱን ሳስር ጎማዎቹን ቀጥ አድርጌ ነው፤ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ከታሰረ መሪውን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይስበዋል።

ታይሮዶቹን ስፈታ ስንት ዙር እንደዞሩ ቆጥሬ ጻፍኩ፤ አዲሶቹን በዚያው ቁጥር ገጠምኩ። የጎማውን አቅጣጫ በሲባጎና በሜትር ለክቼ ከፊት በኩል 3 ሚሊ ሜትር ጠበብ አደረግኩት። ይህ ለጊዜው ነው፤ አላይመንት በመሣሪያ መታየት አለበት።

ያን ቀን ክሩን እንደገና ስለካው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ። አባቴ ጎኔ ተቀምጦ ወደ ጅሬን፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ወጣን። ዳገቱ ላይ ምንም አላለም። ስንወርድ ግን «አሁን ድሮ የማውቃት ሆነች» አለኝ።

ፍሬን ስይዝ ግን ከፊት «ዷ» የሚል ድምፅ አልጠፋም። እሱ ደግሞ ጎማውን ከሥር ከያዘው ከታችኛው ክንድ ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ ጎሚኒ ነበር፤ ሲያልቅ ጎማው ፍሬን ላይ ወደ ኋላ ይሸሻል። እሱንና የላይኛውን ክንድ ጎሚኒዎች አብሬ ቀየርኩ። እዚህ ላይ አጠፋሁ። መኪናዋ ክሪክ ላይ ተሰቅላ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ሁሉንም ጥርቅም አድርጌ አሰርኩ። ስትወርድ ጎሚኒዎቹ ሁሉ እንደተጠመዘዙ ቀሩ፤ ፊቷ ከፍ ብሎ እንደ ጋሪ መንጠር ጀመረች። እንዲህ ከተተዉ ቶሎ ይቀደዳሉ። ዳዶዎቹን ሁሉ አላልቼ፣ መሬት ላይ አውርጄ፣ ፊቷን ጫን ጫን አድርጌ እንደገና አሰርኩ። የጎሚኒ ቡሎን የመጨረሻ ማጥበቂያው የመኪናው ክብደት ጎማው ላይ ሲያርፍ ነው።

የመሪውን አሞርዛተር ቀይር ያሉኝም ነበሩ። አልቀየርኩም። እሱ መንቀጥቀጡን ይሸፍናል እንጂ የተበላውን አይመልስም።

የቀረኝ የታችኛው ቦል ጆይንት (ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ) ነው። በፕሬስ ተመትቶ ስለሚገባ ቤት የሚሠራ አይደለም። የፊት ሞላም እንደተጨመቀ የተቀመጠ ነው፤ ያለ ትክክለኛ መጭመቂያ ክንዱን የፈታ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እሱን ፕሬስና መጭመቂያ ላለው ሰው እሰጣለሁ። ክረምት ሳይገባ፣ የአጋሮ መንገድ ጭቃ ሳይጀምር እንዲያልቅ ነው ሐሳቤ። የኋላውን ጎሚኒዎች ገና አልነካሁም። በዚህ ዘር ላይ የኋላውን የሠራችሁ ካላችሁ፣ ከየቱ እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።