የጋሪ ፈረስ ጭራ

ትናንት ማታ አብሮ አደጌ ከአዲስ አበባ ደውሎ «አንተማ ምን አለብህ፤ ቫዮሊን እየገዘገዝክ ዩሮ ታፍሳለህ» አለኝ። ሳቅኩለት። ስልኩን ስዘጋ ግን የደጋኑ፣ የቫዮሊን መገዝገዣው ነገር እንደ አዲስ መጣብኝ።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆም ቫዮሊንም የሚማሩት አንድ ግቢ ነው። እኔ ቫዮሊን፣ እሱ ማሲንቆ። የደጋኔ ጭራ ሲሳሳ እሱ ቢሾፍቱ ከአጎቱ የጋሪ ፈረስ ቆርጦ፣ በክር ጠፍሮ፣ በሰም ለጥፎ ሠራልኝ። የተመረቅኩት በዚያ ነው። ጀርመን፣ ላይፕዚግም ይዤው መጣሁ።

እዚህ መምህሬ ድምፁን ሰምታ ደጋኔን አየችና ወደ ቫዮሊን ሠሪ ላከችኝ። ሰውዬው እጀታውን ፈታ። ዝም አለ። ከዚያ ረዳቱን ጠራ፤ ረዳቱ ደግሞ ከጓሮ አንዲት ሴትዮ ጠራ። ሦስቱም ቋጠሮውን እያገላበጡ ይስቃሉ። «ፎቶ ባነሳው ቅር ይልሃል?» አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

አንድ ደጋን ከ150 እስከ 200 የሚሆን ጭራ እንደሚይዝ፣ ጥሩው ከሞንጎሊያ ወንድ ፈረስ እንደሚመጣ፣ የባዝራ ጭራ ግን ሽንት ስለሚነካው እንደማይመረጥ አስረዳኝና 70 ዩሮ ተቀበለኝ። የሳምንት አስቤዛዬ ሄደ። የእኛ አዝማሪ በአንዲት ክር ሙሽራውን፣ ሚዜውን፣ አማቱን ሁሉ በስም እያነሳ ሲያወድስ ያድራል፤ እነሱ አራት ክር ይዘው ወረቀት ካልተዘረጋላቸው ንቅንቅ አይሉም! (ይህን ለሰውዬው አልነገርኩትም። ጀርመንኛዬ አይበቃም ነበር።)

አሁን ልጆች አስተምራለሁ፤ እያንዳንዱን ለ30 ደቂቃ። የሚከፈለኝ በትምህርቱ ቁጥር ስለሆነ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ኪሴም ይዘጋል። የሐበሻ እናቶች «ቫዮሊን ይልመድልኝ፤ ግን ልቡ እንዳይሸፍት፣ ሐኪም ነው የሚሆነው» ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በሬ ላይ ወረቀት ይለጥፋል። አገር ቤት ቢሆን አንኳኩቶ ገብቶ «እስቲ ትዝታን» ይል ነበር። ብቻ የአገር ቤቱም ጎረቤት ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛም።

«ጀርመን ትምህርት ነጻ ነው» ብላችሁ ሻንጣ የምታዘጋጁ ልጆች፣ እውነት ነው፤ አብዛኞቹ የመንግሥት ሙዚቃ ትምህርት ቤቶች አያስከፍሉም። ኤምባሲው ግን ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ (ባንዴ ሳይሆን በየወሩ እየተቆነጠረ በሚወጣ) አሳዩ ይላል። ኦርኬስትራ መቀጠር ካማራችሁ ደግሞ የሞዛርትን ኮንቼርቶ (ለብቸኛ ቫዮሊንና ለኦርኬስትራ የተጻፈውን) በሕልማችሁም ተጫወቱት። የፈተናው የመጀመሪያ ዙር ብዙ ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ ማን እንደሆናችሁ አያዩም። እኔን ገና ሁለተኛውን ገጽ ሳልገልጥ «እናመሰግናለን» ብለው ሸኝተውኛል። መጋረጃውን ማመስገን ነው፤ ፊቴን አላዩት።

አብሮ አደጌ ትናንት ሊዘጋ ሲል «ያ የሠራሁልህ ደጋንስ? ፈረንጆቹ ሲያዩት ምን አሉ?» አለኝ።

«ተደነቁ» አልኩት። «ፎቶ ሁሉ አንስተውታል።»