የጭስ ዘበኛ

ልጄን ሳል ከያዘው ወዲህ የጭስ ዘበኛ ሆኛለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። «ድሮ ቤቱ ቢጋይ የማይነቃ ሰው፣ ዛሬ የሦስተኛ ጎረቤት ጭስ ይሸተዋል» ትላለች። እውነቷን ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ማን ምን እያነደደ እንደሆነ ነው።

ጥር ላይ ደግሞ ይብሳል። ዝናብ እምብዛም የለም፣ መንገዱ አቧራ ነው። ጅማ ረባዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፤ ሞቅ ያለው ከላይ ይከድነዋል። የማለዳው ጭስ መውጫ ያጣል። በማለዳ ጅሬን ወጥቶ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በኩል ቁልቁል ያየ ሰው ከተማዋን ግራጫ ነጠላ እንደተከናነበች ነው የሚያገኛት። ረፈድ ሲል ይበተናል። ምን ዋጋ አለው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ሳይበተን ነው።

ሐኪም ቤት ስንሄድ ስለ ባጃጁና ስለ ጭነት መኪናው ልናገር አፌን አሙቄ ነበር። ከሄርማታ መርካቶ እስከ ሰፈራችን ያለውን የጭስ ማውጫ ሁሉ ልከስ። ሐኪሟ ግን ሌላ ጠየቀችኝ።

«ቤት ውስጥ ምን ታነዳላችሁ?»

መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጋግራለን። ሲጠፋ እንጨት ነው። ወጡም ቡናውም በከሰል።

«ቡና ሲፈላ ልጁ የት ነው የሚቀመጠው?»

እናቱ ጎን።

«ዕጣንስ?»

ይሄንን እንኳን ባትጠይቀኝ ደስ ባለኝ። ጅማ ላይ ተወልዶ ዕጣን ያልታጠነ ቡና ማን ጠጥቶ ያውቃል? ዕጣኑም ቢሆን ጭስ ነው አለችኝ። ከሰልም አይጨስም ተብሎ በር አይዘጋበትም፤ የማይታየውና የማይሸተው ጋዙ ነው የሚገድለው። ቡናችሁን ጠጡ፣ መስኮቱን ግን ክፈቱ ብላ ሸኘችን።

ማታ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ወላጅ ሲጨነቅ ሌላ ምን ያደርጋል? ባለሙያዎቹ በጣም የሚፈሩት ፒኤም 2.5 የሚባለውን ብናኝ ነው። የሰው ፀጉር ከእሱ 30 ጊዜ ያህል ይወፍራል። አፍንጫ አያስቀረውም። ሳንባ ድረስ ይወርዳል፣ ከዚያም ደም ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 የቤት ውስጥ ጭስ ብቻውን 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ልጅ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ሳንባውም ገና እያደገ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ቁጥሩ አልነበረም። ለንደን ውስጥ፣ መኪና በሚበዛበት አውራ ጎዳና አጠገብ የምትኖር ኤላ አዱ-ኪሲ-ደብራ የምትባል ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2013 በአስም ሞተች። 9 ዓመቷ ነበር። እናቷ ዝም አላለችም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የአሟሟቷን ምክንያት ያጣሩት ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋፅኦ እንዳደረገ ወሰኑ። በእንግሊዝ እንዲህ ተብሎ ሲወሰን የመጀመሪያው ነው። ዳኛው አንድ ሌላ ነገርም ተናግረዋል። የአየሩ ነገር አስም እንደሚያባብስ ለእናቲቱ የነገራት አልነበረም፤ ብታውቅ ኖሮ አንድ ነገር ታደርግ ነበር። እኔን ግን ሐኪሟ ነግራኛለች። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

በዚያው ሰሞን ልጄ ከትምህርት ቤት አዲስ ወሬ ይዞ መጣ። «አካባቢን መንከባከብ» የሚል ውድድር አለ። ብዙ ባዶ ሃይላንድ የሰበሰበ ደብተርና እስክርቢቶ ይሸለማል። ደስ አለኝ። ቢያንስ ያ ሁሉ ፕላስቲክ አይቃጠልም አልኩ። የመጀመሪያ ቀን ከቦዩ ዳር ለቃቅሞ መጣ። ቀጥሎ ለቆራሌው ያስቀመጥነውን ወሰደ። ከዚያ ቤት ያለው አለቀ። አንድ ማታ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና «አባዬ፣ እኛ ለምን የታሸገ ውሃ አንገዛም?» አለኝ። ውሃ አፍልተን የምንጠጣ ሰዎች ነን። ለሽልማቱ ሲል ፕላስቲክ ሊያስገዛኝ ነው! በመጨረሻ ያሸነፈው አባቱ ግሮሰሪ ያለው ልጅ ነው። ሌላ ማን ሊያሸንፍ ኖሯል?

ሽልማት ልጆችን ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት የተሠራ ጥናት አለ። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መረጡ። ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» ተባለ። ሌሎቹ ሳይነገራቸው፣ ሥለው ሲጨርሱ ተሸለሙ። የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም ሳያዛቸው ሲጫወቱ ታዩ። ሽልማት ቀድሞ ቃል የተገባላቸው ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ነው የሣሉት። በድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም።

ይህንን ለባለቤቴ ሳነብላት ከሰል እያቀጣጠለች ነበር። በሰፈራችን ከሰል የሚቀጣጠለው በፌስታል ነው። ትንሽ ይቀደዳል፣ ክብሪት ይጫራል፣ ፌስታሉ እየቀለጠ ጠብ ጠብ ይላል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣና ከሰሉ ይይዛል። ፈጣን ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ በየጓዳው የተጠቀለለው ግን ገና አላለቀም። እሷ ከሐኪም ቤት ከተመለስን ወዲህ በደረቅ የባሕር ዛፍ ልጣጭ ነው የምታያይዘው። ጊዜ ይፈጃል። እጇን እያራገፈች እንዲህ አለችኝ፦

«ቆይ፣ ልጁ ምን ያነዳል? የምናነደው እኛ። ሽልማት ካለ ለእኛ ይሰጠን እንጂ።»

ስቄ ዝም አልኩ። ሲውል ሲያድር ግን ነገሯ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ችግኝ ትከሉ፣ ፕላስቲክ ልቀሙ እያልን የምናጨበጭበው ለልጆቹ ነው። ጭሱ ያለው ከእኛ ጋር።

አዴ እያልን ከምንጠራቸው ጎረቤታችን ጋርም ያነጋገረኝ ይሄው ነው። አዴ ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ቆሻሻ ያቃጥላሉ። አብዛኛው ገረባ ነው፤ ትናንት የተቃመው የጫት እንጨት ገና እርጥብ ነው። ላዩ ላይ ፌስታል፣ የማንጎ ቅጠል፣ አንዳንዴም አሮጌ ጫማ። እርጥብ ነገር አይነድም፣ ይጨሳል። ዘበኛ ሆኜ ልቆጣጠራቸው አልችልም፤ በእናቴ ዕድሜ ናቸው።

«አዴ፣ ይሄ ጭስ የልጁን ደረት እየጎዳው ነው» አልኳቸው።

«ውይ ልጄን! እኔ መች ጠላሁ» አሉ። «ጋሪ የሚገፉት ልጆች ሲመጡ ይመጣሉ፣ ሲቀሩ ይቀራሉ። እንዲህ ተከምሮ አይጥ ከሚጠራብኝ ብዬ ነው።»

ምን መልስ አለው? አሁን ከሦስት ቤት ጋር ሆነን ለጋሪዎቹ ልጆች ትንሽ ጨምረን እንከፍላለን። ገረባው ከጓሮአቸው ጥግ ተቆልሎ እንዲበሰብስ ተስማምተናል፤ ለጎመናቸው ማዳበሪያ ይሆናል። ፍየል ያላቸው ሰዎችም ቅጠሉን ይወስዱታል። ጭሱ ጨርሶ አልቀረም። ጋሪው በቀረ ቁጥር ክብሪቱ ይወጣል። ግን በየቀኑ አይደለም።

ትልቁ ነገር የመጣው ከሴቶቹ ዕቁብ ነው። ባለቤቴ ከቡና ጓደኞቿ ጋር ዕቁብ ትጥላለች። «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ መግዛት የምትፈልግ ሴት ዕጣ ሳትጠብቅ ቀድማ ትብላ የሚል ሐሳብ አነሳች። ለቸገረው ቅድሚያ መስጠት የዕቁብ ወግ ነውና አዲስ ነገር አልሆነባቸውም። ምርጥ ከሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ነው። እሳቱን ስለሚከልለው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ጭሱም ይቀንሳል። መጀመሪያ አንዷ ብቻ ነበረች የጠየቀችው። ሌሎቹ እሷ ጓዳ ገብተው፣ ዓይናቸው ሳያለቅስ ሲጋገር ካዩ በኋላ ግን ወረፋው ላይ ጠብ ሊነሳ ምንም አልቀረው። አዴም ተመዝግበዋል። ለእኔ ሽልማት ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ ሴትዮዋ ማገዶ ትቆጥባለች፣ የእኔ ልጅም ሳንባው ይተርፍለታል።

ልጄስ? ቡና ሲቀርብ ተነስቶ መስኮት ይከፍታል። ማንም አላዘዘውም፤ ሐኪሟ ስትናገር ሰምቶ ነው። ከረሜላ ልገዛለት እጄ ኪሴ ገብቶ ያ ጥናት ትዝ ብሎኝ መለስኩት። እሁድ አክስቱ ለቡና መጣች። መስኮቱን ሲከፍት አይታ «የኔ ጎበዝ! የኔ አንበሳ!» ብላ አቅፋ 10 ብር ሰጠችው። ባለቤቴ ተመለከተችኝ። ግዴለም አልኳት፤ ድንገተኛ ሽልማት ክፋት የለውም ይላል ጥናቱ።

በማግስቱ ጀበናው ገና ከመጣዱ ልጄ መስኮቱ ሥር ሄዶ ቆመ። መዝጊያውን ይዞ፣ ሳይከፍት፣ «አባዬ፣ አክስቴ ዛሬም ትመጣለች?» አለኝ።