6 እና 5 እኩል ስላልሆኑ የተቀነሰ ማርክ

የማይክሮ ኢኮኖሚክስ ፈተና እያረምን ነው፣ ጥያቄው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ኤክስ እና ዋይ የሚባሉ ሁለት ዕቃዎች አሉ፣ የኤክስ ዋጋ 2፣ የዋይ 4፣ በጀቱ 14። የኤክስ ማርጂናል ዩቲሊቲ፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጨማሪ ዕቃ የሚጨምረው እርካታ፣ 20፣ 18፣ 16፣ 14፣ 12፣ 10፣ 8 እያለ ይወርዳል፣ የዋይ ደግሞ 20፣ 16፣ 12። እርካታው እንዲበዛ ሸማቹ ከየትኛው ስንት ይግዛ ነው የሚለው። አንሰር ኪው 3 ኤክስ እና 2 ዋይ ይላል፣ ምክንያቱም እዛ ላይ የሁለቱም ማርጂናል ዩቲሊቲ 16 ነው፣ በጀቱም ልክ 14 ላይ ያልቃል፣ ለአይን ደስ ይላል።

አንዷ ተማሪ 5 ኤክስ እና 1 ዋይ ብላ ዜሮ ተሰጥቷት ቅሬታ አስገባች። ወረቀቷን ሳየው ጥግ ላይ በእርሳስ ሁሉንም በዋጋው አካፍላ ደርድራዋለች፣ ኤክስ 10፣ 9፣ 8፣ 7፣ 6 እያለ ይሄዳል፣ የመጀመሪያው ዋይ 5 ነው፣ ከትልቁ ጀምራ ብሩ እስኪያልቅ ገዛች። ክላስ ውስጥ የምናስተምረው እኮ ይሄንኑ ነው!

ወረቀቱን ይዤ ኮርሱን ለሚመሩት ዶክተር አሳየኋቸው።

«6 እና 5 እኩል ናቸው እንዴ?» አሉኝ።

«አይደሉም ዶክተር።»

«ታዲያ ምኑ ነው ማክሲማይዜሽን? የኔን ተመልከት፣ 16 ለ16።»

እስቲ የእርካታውን ቶታል እንደምረው አልኳቸው። የሳቸው 54 ሲደመር 36፣ 90 መጣ። የሷ 80 ሲደመር 20፣ 100። ካልኩሌተሩን የነኩት ራሳቸው ናቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ቢሆንም ቀመሩን አላሟላችም» አሉ።

ይቺ «ቢሆንም» እስካሁን ታንገበግበኛለች። ቀመሩ፣ ማለትም ማርጂናል ዩቲሊቲ በዋጋ ሲካፈል ለሁለቱም ዕቃ እኩል ይሁን የሚለው፣ የተፈጠረው እርካታን ለማብዛት ነው፣ 100 ያመጣው ሰው 90 ካመጣው በታች ከታረመ ምኑን አስተማርነው? ጀርመናዊው ኢኮኖሚስት ጎሰን እንኳን በ1854 እ.ኤ.አ. ያለው የመጨረሻዋ ገንዘብ የትም ብትወጣ እኩል እርካታ ትስጥ ነው፣ ዋጋቸው የተለያየ ዕቃዎች ማርጂናል ዩቲሊቲያቸው ይስተካከል አላለም። እኩልነቱ ደግሞ በትክክል የሚገጥመው ዕቃው እየተቆራረጠ መግዛት ሲቻል ነው፣ እዚህ ግማሽ ዋይ የለም። ስለዚህ የሚፈተሸው ብሩን ወዲያ ወዲህ በማዘዋወር ነው። ሁለተኛ ዋይ ልጨምር ካለች ሁለት ኤክስ ትለቃለች፣ 26 ከስራ 16 ታገኛለች። ዋዩን ትታ ሁለት ኤክስ ልግዛ ካለች 20 ሰጥታ 18 ትቀበላለች። በየትም በኩል ብትነቃነቅ ኪሳራ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይመጣል?

በመጨረሻ «ለድካሟ ግማሽ ማርክ ስጣት» አሉ። እኔ ግን ሙሉውን ነው የጠየቅኩት፣ አሁንም ቢሆን የሚገባት ሙሉው ነው እላለሁ። 3 እና 2 ብለው የጻፉት ልጆች ሙሉ ማርካቸውን እንደያዙ ወደ ቀጣዩ ኮርስ አልፈዋል፣ በዋጋ ማካፈል እንዳለባቸው የነገራቸው የለም፣ አንሰር ኪውም እስካሁን አልተቀየረም።