የቀበና ጅረትን ጤና የለካሁበት መንገድ

አንድ ጠርሙስ ውሃ የሚናገረው ስለተቀዳበት ደቂቃ ብቻ ነው። ፍሳሽ ሌሊት ቢለቀቅ ጠዋት ውሃው ጠርቶ ይገኛል። ድንጋይ ሥር የሚኖሩት ጥቃቅን እንስሳት ግን ወራት ሙሉ እዚያው ስለሚቆዩ፣ ጅረቱ ላይ የደረሰ ሁሉ እነሱም ላይ ደርሷል። ስለዚህ በአዲስ አበባው ቀበና ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሰጠሁት ለነሱ ነው።

ሁለት ቦታ መረጥኩ፤ አንዱን ከእንጦጦ ግርጌ ከመኖሪያ ቤቶች በላይ፣ ሌላውን ጅረቱ ሰፈር ውስጥ ካለፈ በኋላ። እያንዳንዳቸው 50 ሜትር ርዝመት አላቸው። ሁለቱም ድንጋያማ፣ ጥልቀታቸውና ጥላቸውም ተቀራራቢ መሆን አለበት። ላይኛው ድንጋይ፣ ታችኛው ጭቃ ከሆነ የሚታየው ልዩነት ከወለሉ ይምጣ ከብክለቱ መለየት አይቻልም። የክረምት ጎርፍ ድንጋዩን ገልብጦ እንስሳቱን ጠርጎ ስለሚወስድ፣ ዝናቡ ካቆመ ቢያንስ አራት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው።

መረቡ አፉ 30 ሴንቲሜትር፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ቀዳዳው ከዚህ ከሰፋ ትንንሾቹ እጮች ያመልጣሉ፤ ከጠበበ ደግሞ ደለል ይዘጋውና ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ የተያዙትን ይዞ ይወጣል። መረቡ ወለሉን ነክቶ፣ አፉ ወደ ወራጁ ዞሮ ይያዛል። ከፊቱ ያለውን ወለል በቦቲ ጫማ እየረገጥኩ አነቃንቃለሁ። በድምሩ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ፈጣኑን፣ የተኛውንና ሣር ያለበትን ዳር በየድርሻው ያዳርሳል። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ መሄድ ነው፤ አለዚያ ያልተነካውን ቦታ አስቀድሞ ማደፍረስ ይመጣል። ከዚያ አንድ ደቂቃ ትልልቅ ድንጋዮችን እያነሱ በእጅ ማሸት ይከተላል፤ ካዲስፍላይ የሚባለው ነፍሳት እጭ በእግር ብቻ አይላቀቅም።

የተያዘው ሁሉ ሁለት ሴንቲሜትር ውሃ ባለበት ነጭ ትሪ ላይ ይገለበጣል። ጀማሪ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ይለቅማል፤ ከአሸዋ ቤት የሠራ እጭና የተጣበቀ አልቅት እዚያው ይቀራሉ። ለአንድ ናሙና ግማሽ ሰዓት በወረንጦ መልቀም አይበዛም። የተለቀመው 96 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባል፤ ከእንስሳቱና ከቆሻሻው የሚወጣው ውሃ ስለሚያቀጥነው በማግስቱ መቀየር አለበት። መለያው በእርሳስ ተጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይገባል፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል።

ነጥብ የሰጠሁት ሚኒሳስ በተባለው የደቡብ አፍሪካ ዘዴ ነው። እንስሳቱን በ13 ምድብ ይከፍላል፤ ብክለት የማይችለው ምድብ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል፤ ከነሱም ስቶንፍላይ የሚባለው ነፍሳት እጭ 17፣ ካዲስፍላይ 9፣ ሸርጣን 6፣ ቀንድ አውጣ 4፣ የዝንብና የትንኝ እጭ 2፣ ትል 2፣ አልቅት 2 ነጥብ አላቸው። የተገኙት ምድቦች ነጥብ ተደምሮ ለምድቦቹ ብዛት ይካፈላል። ትልቁ ስሕተት ሜይፍላይ በሚባለው ነፍሳት እጭ ላይ ይፈጸማል። እንደ ትንሽ ዓሣ ቀጠን ብሎ ተፈትልኮ የሚዋኘው ብክለት በመጠኑ ስለሚችል 5 ብቻ ነው፤ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚድኸው ጠፍጣፋው 11 ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው የታመመ ጅረት ጤነኛ ነው ብሎ ይወጣል። ለምሳሌ ላይኛው ቦታ 11፣ 5፣ 9፣ 6 እና 2 ቢገኝ ድምሩ 33፣ አማካዩ 6.6 ይሆናል። ታች የዝንብ እጭ፣ ትል፣ አልቅትና ቀንድ አውጣ ብቻ ከቀሩ አማካዩ 2.5 ነው።

ዘዴው መኖር አለመኖርን እንጂ ብዛትን አይጠይቅም። ውሃ ከላይ ያመጣት አንዲት ካዲስፍላይ ከመቶ እኩል ትቆጠራለች፤ ስለዚህ ከነጥቡ ጎን ቁጥራቸውንም እጽፋለሁ። የጤና ደረጃዎቹ ወሰን የተቀመጠው ለደቡብ አፍሪካ ወንዞች በመሆኑም እኔ የምተማመነው በላይና በታች መካከል ባለው ልዩነት ነው። ቀይ ትል መሳይ የትንኝ ዘመድ እጮች ታች ላይ ሲበዙ ደግሞ ኦክስጅን ማነሱን ያሳያሉ፤ ቅላታቸው ጥቂቱን ኦክስጅን አጥብቆ ከሚይዘው ሄሞግሎቢን የመጣ ነው።

ኦክስጅንን በመሣሪያ ሲለኩ አዲስ አበባ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። በባሕር ወለል ከፍታ 20 ዲግሪ ያለው ውሃ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ይይዛል፤ 2,400 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ 6.8 ገደማ ላይ ይጠግባል። 6.5 ያነበበ ሰው መጽሐፍ አይቶ ውሃው ታሟል ይላል፤ ውሃው ግን ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ስለዚህ መሣሪያውን ለከፍታው አስተካክዬ በመቶኛ እመዘግባለሁ፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ከዚያም ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ። አልጌ የበዛበት ውሃ ቀን ከ100 በመቶ ያልፋል፤ ሌሊት አልጌው ራሱ ስለሚተነፍስ ንጋት ላይ ያሽቆለቁላል። ሰፊ ልዩነት ከታየ ከላይ የሚገባ ፍሳሽ ወይም ማዳበሪያ መፈለግ ነው።

የእንጦጦው ቦታም ፍጹም መነሻ አይደለም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠንካራና ዘይታም ስለሆነ ቅጠል በል እጮች ብዙም አይመርጡትም፤ ነጥቡ ያለ ምንም ፍሳሽ ሊወርድ ይችላል። በአንጻሩ ሜይፍላይ የሞላበት ውሃ ለመጠጥ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ የዓይነ ምድር ባክቴሪያ እነዚህን እንስሳት አይጎዳም፣ ለብቻው በላቦራቶሪ መመርመር አለበት። ታችኛው ቦታ ላይ ረጅም ጓንት ሳያጠልቁ እጅን ውሃው ውስጥ መክተት አይገባም፤ መረቡም ወደ ላይኛው ቦታ ከመመለሱ በፊት ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል።