ሕመሙ ሲጠፋ የዳንኩ መስሎኝ ነበር

ሦስተኛው ሙከራዬ ነበር። 128 ኪሎ። በክሊን ኤንድ ጀርክ፣ ማለትም ብረቱን መጀመሪያ ከመሬት ወደ ትከሻ፣ ከዚያ ከትከሻ ወደ ላይ በመግፋት (ጀርክ) በሚነሳበት የክብደት ማንሳት ዓይነት፣ ከዚያ በፊት ከ125 በላይ አንስቼ አላውቅም። ብረቱን ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩት፣ ይዤው ቆምኩ፣ አየር ሳብኩ። ወደ ላይ ስገፋው ወደ ፊት የሚወጣው ግራ እግሬ መድረኩን ነካ፤ ግን አልቆመም፣ ተንሸራተተ። መድረኩ ላይ አቧራ ነበር። ጉልበቴ ቀጥ አለ፣ ደረቴ ወደ ፊት ወደቀ። ከጭኔ በስተኋላ፣ ከመቀመጫዬ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ብረቱ ከፊቴ ወደቀ። እኔም በእጄ መሬቱን ደግፌ ቀረሁ።

ይህ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ግንቦት ላይ ነው። የምጽፈው ያኔ ባውቅ ኖሮ ወራት የሚያተርፉልኝ ነገሮች ስላሉ ነው።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወንድሜ ደግፎ አወጣኝ። እናቴ እግሬን አየችና «ወለም ብሎህ ነው፣ ነገ ወጌሻው ጋ እንሄዳለን» አለች። እኒህ ወጌሻ ልጅ ሆኜ የወለቀ ክንዴን የመለሱልኝ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን አምነዋለሁ። በማግስቱ ሄድን። ቅቤ ቀብተው ጠንከር አድርገው አሹኝ። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ማታ ላይ ጭኔ አብጦ ሱሪ አልገባ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ከጭኔ ኋላ ጀምሮ እስከ ቋንጃዬ ድረስ ጠቁሮ ወይን ጠጅ መሰለ። ከዚያ ወደ ባቴ ወረደ። ደነገጥኩ። አሁን ሳውቀው፣ ቁስሉ እየተስፋፋ አልነበረም፤ የፈሰሰው ደም ወደ ታች እየወረደ ነው። ግን የማሸቱን ጉዳት በግልጽ ልናገር። ጡንቻ ሲቀደድ በውስጡ ያሉት ትናንሽ የደም ሥሮችም ይቀደዳሉ። ሰውነት ወዲያው መድፈን ይጀምራል። ያን ጊዜ ጠንክሮ ማሸት የተደፈነውን መልሶ መክፈት ነው። አንዳንዴም በጡንቻው ውስጥ አጥንት መሰል ነገር እስኪበቅል ሊያደርስ ይችላል። ወጌሻችንን አልወቅስም፣ እሳቸው ውልቃት ያውቃሉ። የኔ ግን ውልቃት አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገኝ እረፍት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ ለዘብ ያለ ማሰሪያና እግሬን ትራስ ላይ ከፍ ማድረግ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወጋሁ፤ «ሁለት ሳምንት እረፍ» ተባልኩ። ፎቶ የለ፣ ምርመራ የለ። አረፍኩ። በአምስተኛው ሳምንት ሕመሙ ጠፋ። ደረጃውን ያለ ድጋፍ ወጣሁ፣ ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቄ ተቀመጥኩ፣ ምንም የለም። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወደ ጂም ተመለስኩ።

90 ኪሎ ነበር የጫንኩት። ለኔ ማሟሟቂያ ማለት ነው። ገና ከመሬት ስጎትተው ያው ቦታ እንደገና ተቀደደ። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ከሕመሙ ይልቅ ተስፋዬ ነው የተቀደደው።

አሰልጣኜ ናቸው አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ጋ የላኩኝ። ገንዘብ ተበድሬ ኤምአርአይ ተነሳሁ። የተቀደደው ጡንቻው ከጅማቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው፣ ጅማቱ ግን ከአጥንቱ አልተነቀለም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጅማቱ ከመቀመጫ አጥንት ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ቢሆን ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገኝ ይችል ነበር፤ ያ ደግሞ በጊዜ ሲሠራ ነው የሚቀለው። እኔ ሁለት ወር ገደማ ያለ ምርመራ አሳልፌያለሁ። ስለዚህ «ቀደደኝ» ብሎ የሚሰማው ሰው፣ በተለይ ድምፅ ከሰማ፣ ከጠቆረበትና መራመድ ካቃተው፣ ሳይውል ሳያድር ይታይ።

ፊዚዮቴራፒስቷ በሆዴ አስተኝታ ጉልበቴን አሳጠፈችኝ። ተረከዜን ይዛ «ልዘረጋው ነው፣ አንተ ግን አትፍቀድልኝ» አለች። ቀኝ እግሬን በሁለት እጇ ብትታገልም ንቅንቅ አላለም። ግራውን በአንድ እጇ ያዘችው። ተንቀጠቀጠና ወረደ። ምንም አላመመኝም። ያለ ምንም ሕመም ነው የወረደው! «አየህ» አለችኝ፣ «ሕመሙ የሄደው ቁስሉ ስለተደፈነ ነው። ጉልበቱ ገና አልመጣም። የተደፈነው ጠባሳ ደግሞ ሥራ ካልሰጠኸው አይጠነክርም።»

በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው አስተሳሰቤ የተገለበጠው። እረፍት ብቻውን ያድናል ብዬ ነበር የማምነው። እረፍት ደሙን አቆመ፣ ሕመሙን ወሰደ፣ ጡንቻዬንም አከሳው።

የጀመርነው ከምንም ነው። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቴን ትንሽ አጥፌ፣ ተረከዜን መሬት ውስጥ ለመቅበር እንደሚፈልግ ሰው መጫን። እግሩ አይንቀሳቀስም፤ ጡንቻው ግን ይሠራል። 30 ሴኮንድ፣ አምስት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ሲለምድልኝ መቀመጫዬን ከመሬት ማንሳት፣ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ቆይቶ በአንድ። ሕጉ ቀላል ነበር። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አስር ስትለካው ከሦስት ካለፈ አቁም። ሦስት ቢሆንም በማግስቱ ጠዋት እንደ ትናንቱ ካልተመለሰ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ደብተር ገዝቼ በየቀኑ ቁጥሩን እጽፍ ነበር። ዛሬ ደብተሩን ሳገላብጥ መስመሩ ቀጥ ብሎ የሚወጣ አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ «2» የሚል ብቻ የተጻፈበት ገጽ አለ።

የፍልሰታ ጾም በመሃል ገባ። እናቴ እንድገድፍ ለመነችኝ፣ እኔ መጾም ፈለግሁ። ሽሮውን ወፍራም አደረግነው፣ ምስርና ባቄላ ከገበታው አልጠፋም፣ ማታ ማታ የለውዝ ቅቤ በዳቦ። የተቀደደ ጡንቻ የሚጠገንበት ነገር ይፈልጋል፤ ጾም ሆነ ፍስክ ሆዴን ባዶ አድርጌ ላድነው አልችልም ነበር።

በአራተኛው ወር ባዶ ብረት ያዝኩ፣ 20 ኪሎ። ጉልበትን ትንሽ አጥፎ፣ ወገብን ቀጥ አድርጎ፣ ወደ ታች እስከ አምስት እየቆጠሩ ማውረድ። ማውረዱ ነው ዋናው። ጡንቻው እየተለጠጠ ሲሠራ ነው የተቀደደው፤ ስለዚህ እየተለጠጠ መሥራትን እንደገና መማር አለበት። ቤት ውስጥ ደግሞ ምንጣፍ ላይ እንበረከክና ወንድሜ ቁርጭምጭሚቴን ይይዛል። ሰውነቴን ከጉልበቴ እስከ ራሴ ቀጥ አድርጌ፣ በዝግታ ወደ ፊት እወድቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሩቡን ያህል ሳልሄድ ፊቴ ትራሱ ላይ አረፈ። በወሩ ግማሹን ያዝኩት። ወንድሜ ከኔ በላይ ይቆጥር ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ጂም ውስጥ ቆሞ ማየት ነው። አሰልጣኜ ይህ ገባቸው። «ና፣ ለታዳጊዎቹ ብረት ጫንላቸው» አሉኝ። ዲስክ እየጫንኩ፣ እያወረድኩ፣ የሰው እግር ስመለከት ከረምኩ። ጓደኞቼ ሊያበረቱኝ የግሪኩን ፒሮስ ዲማስን ቪዲዮ ይልኩልኝ ነበር። ሦስት ጊዜ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን የሆነ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ ከጉዳት ጋር እየታገለ ነሐስ ወስዶ፣ ጫማውን መድረኩ ላይ ትቶ ከውድድር የተሰናበተ። እጅግ አከብረዋለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ በአምስተኛው ሳምንት ወደ ብረቱ የመለሰኝ እንዲህ ዓይነት ታሪክ ነው። እሱ ጫማውን ሊያወልቅ ነበር የወጣው። እኔ ገና መቀጠል የምፈልግ ልጅ ነኝ። ሕመም ችሎ መወዳደርን ለሥራችን መለኪያ ስናደርግ፣ መቀጠል የሚችል ሰው እናጣለን።

በስምንተኛው ወር ሁለቱ እግሮቼ እኩል ሆኑ። ፊዚዮቴራፒስቷ በሁለት እጇ ጎተተች፣ ግራው አልወረደም። ጉልበቴ ተመልሷል። ግን ጀርክ ልሠራ ስቆም ግራ እግሬ ወደ ፊት አልሄድ አለኝ። አልታመመም፣ ፈርቷል። ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። የመጥረጊያ እንጨት ትከሻዬ ላይ አድርጌ በየቀኑ 50 ጊዜ ያንን መስመር ረገጥኩ። ሁለት ሳምንት እንጨት፣ ከዚያ 20 ኪሎ፣ ከዚያ 40። በየሳምንቱ ከአምስት ኪሎ በላይ አልጨመርኩም። ድጋሚ የሚቀደደው ብዙ ጊዜ በተመለሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደሆነ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ።

ዘንድሮ ተወዳድሬ 118 አነሳሁ። ባለፈው ወር ልምምድ ላይ 122 ሆኗል። 128ን ገና አልነካሁትም። ተረከዝ መጫኑንና መቀመጫ ማንሳቱን እስከ ዛሬ ከልምምድ በፊት እሠራለሁ። ከዚያ ባልዲና እርጥብ ጨርቅ አመጣለሁ። መድረኩን ከዳር እስከ ዳር እወለውላለሁ፣ የጫማዬን ሶል እጠርጋለሁ፣ ታዳጊዎቹም አሁን ሳልነግራቸው ጫማቸውን ገልብጠው ወረፋ ይጠብቃሉ።