ዲስኩ እጄ ላይ የተሰበረ ቀን

የምተዳደረው የብረት በርና መስኮት እየሠራሁ ነው። ግራይንደር፣ ማለትም ክብ ዲስክ እያሽከረከረ ብረት የሚቆርጠውና የሚፈጨው የእጅ ማሽን፣ ከእጄ አይለይም። ለብዙ ጊዜ ልክ እንደ መዶሻ ነበር የማየው፤ ታነሳዋለህ፣ ትሠራበታለህ፣ ታስቀምጠዋለህ። አንድ ቀን ግን ዲስኩ እጄ ላይ ተሰበረ።

40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት፣ ልቆርጥ ነበር። ሁለት በርጩማ አራርቄ አስቀመጥኩና ቱቦላሬውን ከላያቸው አጋደምኩት። መሃሉን ከስር የሚደግፈው የለም። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ እኔም ቸኩያለሁ። ሞርሳ ላይ፣ ብረቱን ነክሶ የሚይዘው ማሰሪያ ላይ፣ ማሰሩ ጊዜ የሚፈጅ መሰለኝ። በግራ እግሬ ረገጥ አደረግኩትና መሃሉን መቁረጥ ጀመርኩ። ከግማሽ በላይ እንደሄድኩ ብረቱ በራሱ ክብደትና በእግሬ ጫና ወደ ታች ጎበጠ። የቆረጥኩት ክፍተት ከላይ ተዘጋና ዲስኩን ነከሰው። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁትም፤ ጧ ሲል ብቻ ሰማሁ። ማሽኑ ወደ እኔ ተራገጠ። አንዱ ስባሪ የጃኬቴን እጅጌ ቀዶ አለፈ። ሌላው ከኋላዬ ያለው የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ተገኘ። የዲስኩን ከለላ የፈታሁት ያን ዕለት ጠዋት ነበር፤ የምቆርጠውን መስመር ከለለኝ ብዬ።

ጎረቤቴ ያሉ አንድ አንጋፋ በያጅ ድምፁን ሰምተው መጡ። አልተቆጡም። ቀጭን የባሕር ዛፍ እንጨት አንስተው ሁለቱ በርጩማዎች ላይ አጋደሙና መሃሉን በመጋዝ ትንሽ ቆረጡት። ከዚያ በጣታቸው ጫን አሉት። ክፍተቱ ገጠመ። "አየኸው ልጄ?" አሉኝ። ቀጥለው እንጨቱን ወደ አንድ ጎን ሳቡና ጫፉን አየር ላይ አንጠለጠሉት። አሁን ሲጫኑት ክፍተቱ ተከፈተ። "የምትቆርጠው ይውደቅ እንጂ አይንከስህ።"

ያቺን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም። ከዚያ ወዲህ ብረት ከመቁረጤ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቆርጬ ስጨርስ የትኛው ጫፍ ይወድቃል? እሱ ጫፍ ነጻ መሆን አለበት። የቀረው ሞርሳ ላይ ይታሰራል። እግር ማሰሪያ አይደለም። የራሴንም አቋቋም ቀይሬያለሁ። ከዲስኩ መስመር ፊት ለፊት አልቆምም፤ ወደ ጎን እላለሁ። ግራይንደር ሲራገጥ የሚመጣው በዚያው መስመር ነውና። ሁለቱም እጆቼ ማሽኑ ላይ ናቸው፣ የጎን እጀታውም አይፈታም። ዲስኩን ክፍተቱ ውስጥ አላጣምመውም፣ አልጫነውም። የማሽኑ ክብደት ራሱ ይቆርጣል።

ከለላውም ወደ ቦታው ተመለሰ። መስመሩን ከከለለኝ ከለላውን ሳይሆን አቋቋሜን አስተካክላለሁ።

የዲስኩን ጽሑፍ ማንበብ የጀመርኩትም ያኔ ነው። 125 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 12,200 ዙር አካባቢ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከዚያ በላይ አታዙረኝ ማለቱ ነው። በዚያ ፍጥነት ጠርዙ በሰከንድ 80 ሜትር ይሄዳል፣ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ትልቁ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ግን የሚችለው 6,600 ዙር አካባቢ ብቻ ነው። እንግዲህ ጠለቅ አድርጎ ለመቁረጥ ብሎ ከለላውን ፈትቶ ትልቁን ዲስክ ትንሹ ማሽን ላይ የሚያስር ሰው አለ። ትንሹ ማሽን 11,000 ዙር ያህል ይዞራል። ሂሳቡን ስሠራው ጠርዙ በሰከንድ 132 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ዲስኩን ለመበተን የሚስበው ኃይል ከተፈቀደው ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህን ሲያደርግ ያየሁትን ሰው ሁሉ አስቁሜ እለምናለሁ። ቅር ይበለው።

ቀጭኗ የመቁረጫ ዲስክ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። በጠርዟ ትቆርጣለች እንጂ በጎኗ የብየዳ ትርፍ አትፍጩባት። ለመፍጨት ወፍራሙ፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው አለ። ከእጅ የወደቀ ዲስክ ደህና ቢመስልም እጥለዋለሁ። አዲስ ካሰርኩ በኋላ ሰው ወደሌለበት አዙሬ አንድ ደቂቃ ያህል በባዶው አስነሳዋለሁ። ዲስክ የምቀይረውም ስፒናውን ከሶኬት ነቅዬ ነው።

ስለ ስፒና ካነሳሁ መብራትንም ላንሳ። አንድ ቀን እየቆረጥኩ መብራት ጠፋ። ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ማብሪያው ወደፊት ተገፍቶ እንደተቆለፈ ነው። መብራቱ ሲመጣ ግራይንደሩ ብቻውን ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ይጨፍር ጀመር፤ ገመዱን በልቶ መሬት ወደቀ። አጠገቡ ረዳቴ ተቀምጦ ምሳውን ይበላ ነበር። እግዚአብሔር አተረፈው። አሁን መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያ ሥራችን ማብሪያውን ማጥፋት፣ ቀጥሎ ስፒናውን መንቀል ነው። ከዚያ ሻይ።

መነጽር ብቻ ይበቃል ብዬ ነበር። አይበቃም። ከመነጽሩ በላይ ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን እደርባለሁ። ጆሮዬንም እደፍናለሁ። የተንዘረፈፈ ሻርፕ፣ ያልተቆለፈ እጅጌ፣ የሚንጠለጠል ክር ከዲስክ ጋር አይስማሙም። ብልጭታው ደግሞ ከምትገምቱት በላይ ይርቃል። ቀለም፣ ቤንዚን፣ ጨርቅና ካርቶን ካሉበት ዞር እላለሁ። መስታወት ላይ ከተረጨ ተጣብቆ ይቀራል፤ የደንበኛ መኪና አጠገብ ቆርጣችሁ ታውቁ ከሆነ ይገባችኋል።

ብሎኬት ወይም ሴራሚክ ሲቆረጥ የሚነሳው አቧራ የሚያሳስል ብቻ አይደለም። ውስጡ ሲሊካ የሚባል ደቃቅ የድንጋይ ብናኝ አለ፤ ሳንባን ቀስ በቀስ ጠባሳ አስይዞ ያደርቀዋል፣ የተጎዳውም ተመልሶ አይድንም። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ ያውም የጨርቁ ሳይሆን ለአቧራ የተሠራው። ውኃ አቧራውን ያረጋል፤ ግን ለውኃ ባልተሠራ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ውኃ ማፍሰስ ሌላ ሞት መጥራት ነው። በውኃ ለመቁረጥ የተሠራ ማሽን አለ፣ እሱን ተከራዩ።

በመጨረሻ የዲስኩ ቀን። ዲስክ በሙጫ የተያያዘ፣ አሸዋ መሰል ጠንካራ ቅንጣት ነው፤ ሙጫው ያረጃል፣ እርጥበትም ይጎዳዋል። ስለዚህ መሃሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ ማብቂያው ይጻፋል፤ ከተመረተ 3 ዓመት ነው። የእኛን እርጥብ ወለል ትተን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ የጀመርነውም ለዚህ ነው። በቀደም ረዳቴ ከአሮጌ ካርቶን ዲስክ አወጣና ቀለበቱን አነበበ። "2018 ይላል ጋሼ፣ ዘንድሮ ነው፣ ገና ነው" አለኝ። ልጁ አልተሳሳተም፤ በእኛ አቆጣጠር ዘንድሮ 2018 ነው። ቀለበቱ ላይ ያለው ግን የፈረንጅ ነው። ቀኑ ካለፈ 7 ዓመት አልፎታል። ሌላ ሰው እንዳያነሳው ሞርሳ ላይ አስረን ለሁለት ሰበርነው።